የውጭ እጅ ይመስገን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሀዋሳ ሐይቅ አካባቢ ካለች ጀበና ቡና ቤት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አቦሌን እጠብቃለሁ። ወሬው የእድራችን ርክክብ ነበር። አዲስ ሰብሳቢ ከተመረጠ ሦስት ወር አለፈው። መዝገቡ የለም። ማኅተሙ የለም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የለም። ሁለት ትልልቅ ድስት ጎድሏልም ይባላል። አንዱ ጎረምሳ ደፈር ብሎ አጠገቤ ያሉትን ሰውዬ «ጋሼ፣ ይሄን ርክክብ ምን ያዘው?» አላቸው። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣

«የውጭ እጅ አለበት» አሉ።

አለቀ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱማ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

እናንተም ሰፈር እንደሳቸው ያለ ሰው አለ፤ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ የውጭ እጅ። ሽንኩርት ሲወደድ የውጭ እጅ። ልጁ ፈተና ሲወድቅም ያው እጅ ነው፣ ምናልባት ግራው። እስከ ዛሬ ስንስቅባቸው ኖርን። ግፍ ነው። ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት።

ፍጥነታቸውን እዩልኝ። አሜሪካኖች እኮ ያሳዝናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ምርጫቸው ላይ ሩሲያ እጇን አስገባች ተባለ። የዴሞክራቶቹ ኢሜይል ተሰርቆ አደባባይ ወጣ። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ተቀጥረው፣ አሜሪካዊ መስለው፣ ፌስቡክ ላይ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር። በደመወዝ! እኛ በነፃ የምንሠራውን! ከዚያ በኋላ ሮበርት ሙለር የሚባል መርማሪ ተሾመና ከ2017 እስከ 2019 ሲቆፍር ከርሞ 448 ገጽ ጻፈ። አዎ፣ ሩሲያ ጣልቃ ገብታለች አለ። የትራምፕ የምርጫ ቡድን ከሩሲያ መንግሥት ጋር አሲሯል ለማለት ግን ማስረጃው አላደረሰኝም አለ። በመሀል 12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን ስማቸውን እየጠራ ከሷል። ይሄ ሁሉ ድካም! የኛ ጋሼ ግን ቶናው ሳይቀዳ ጨረሱት። ገጽ የለ፣ ስም የለ፣ አበል የለ።

ጋሼ ያንን ዘመን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል። ኦባማ ከቤተ መንግሥት ሊወጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ዲሴምበር 29፣ 35 የሩሲያ ዲፕሎማቶችን በ72 ሰዓት ውጡልኝ እንዳሉ ይነግሯችኋል። ሜሪላንድና ኒውዮርክ ያሉ ሁለት ግቢዎች እንደተዘጉም። አነጋገራቸው ግቢውን ራሳቸው የቆለፉት ነው የሚመስለው።

እና ይሄ እውቀት ባክኖ እንዳይቀር እድሩ ላይ አዋሉት። ለካ አልነገርኳችሁም፤ ተሸንፈው የወረዱት ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው።

እንዴት አዋሉት? በምርጫው ቀን ከማዶ ሰፈር እድር አንድ ሰው እኛ ስብሰባ ላይ ሻይ ሲጠጣ ታይቷል። አማቱ ቤት መጥቶ ነው አሉ። ጋሼ ግን አማት ሽፋን ነው አሉ። ሰውዬው በሳምንቱ አሞራ ገደል አንዱን የኛን አባል ዓሣ ጥብስ ጋብዟል፤ የዓሣው አጥንት ሲቆጠር ሁለት ዓሣ ሆነ፤ አንድ ሰው ሁለት ዓሣ የሚጋበዘው ለምንድን ነው? አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አራት ጊዜ ተሰብስቦ አራት ጊዜ ቡና ጠጣ፣ በእድሩ ሒሳብ። ጡሩንባ ነፊው ምስክር ተጠራ፤ «ማታ ባጃጅ ሰምቻለሁ» አለ። ሀዋሳ ላይ ማታ ባጃጅ ሰማ! ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚቆመው አባ ኮዳ ሳይቀር አጀንዳ ሆኖ ነበር። ወፉ ቀኑን ሙሉ ወደ በሩ ያያል፣ አይንቀሳቀስም፣ ማንም አይቀልበውም ግን ወፍሯል። ከየት አገኘ? ቃለ ጉባኤ ላይ «ክትትል ይደረግበት» ተብሎ ተጽፏል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ማዕቀብ መጣ። ከማዶ እድር ጋር ድስት መዋዋስ ቀረ። ሁለቱም እድር ውስጥ የተመዘገቡ ሁለት አባወራዎች በሦስት ቀን ውስጥ አንዱን ምረጡ ተባሉ፤ 72 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ የማዶው ሰብሳቢ የሚናደድ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን ለገና የእኛን ልጆች ድፎ ዳቦ ጠራ! ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ደስታቸው ልክ አጣ፤ «ፑቲንም እንዲሁ ነው ያደረገው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፑቲን አጸፋውን ትቶ የአሜሪካ ዲፕሎማቶችን ልጆች ክሬምሊን ለበዓል ጋብዞ ነበር። ትራምፕም ወዲያው ትዊተር ላይ አመሰገነው። የኛው አዲስ ተመራጭ ከማን ያንሳል፣ በፌስቡክ ገጹ የዳቦውን ፎቶ ለጠፈ።

አዲሱ ሰብሳቢም ከምስጋናዬ አይቀርም፤ ልብስ ቀይሮ የመጣ ያው በሽታ ነው። ገና ቁልፍ ሳይረከብ ለማዶው ሰውዬ ደውሎ «አይዞህ፣ አትቀየም፣ እኔ ስገባ ይስተካከላል» አለ። ሲጠየቅ ስለ አየር ሁኔታ ነው ያወራነው አለ። የትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ የነበረው ማይክል ፍሊንም ከሩሲያው አምባሳደር ከኪስልያክ ጋር ኦባማ ስለጣሉት ማዕቀብ አላወራሁም ብሎ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ነግሮ፣ የስልኩ ነገር ሲወጣ በ24 ቀኑ ሥልጣኑን ለቀቀ። የኛው አልለቀቀም። ስፒከር ከፍቶ ስለነበር ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጭምር ሰምታለች፣ ግን አልለቀቀም። ለነገሩ ምኑን ይለቃል፣ ገና መች ያዘው።

የውጭ እጅ የሚባል የለም እያልኩ አይደለም። አለ። አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1953 ኢራን ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የ ሞሳዴቅን ለመጣል እጇን አስገብታ የለ እንዴ? እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ባላቸው ሞተባቸው። በየወሩ መዋጯቸውን አንድ ቀን ሳያጓድሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ጡሩንባው ተነፋ። ድንኳኑ አልመጣም። ለምን? ቁልፍ የለማ! ዝናቡ ወረደ። ለቀስተኛው በየሰው በረንዳ ተጠጋ። ባጃጅ ሾፌሮቹ ሸራ አምጥተው በገመድ ሲወጥሩ፣ እትዬ ሐዘናቸውን ትተው «ሰው በሰበሰ፣ ሰው በሰበሰ» እያሉ ከቤት ወደ ደጅ ይመላለሱ ነበር። እሳቸው ናቸው ያፈሩት! የእድሩን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ለቅሶ ላይ እጁን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው ግን አላፈረም። ምን ዓይነት የውጭ እጅ ነው እናንተ ኪስ ውስጥ የሚገኘው? መዝገቡን ግለጡት ሲባል ካርታ የሚዘረጋ ሰው ሌባ ነው ወይ ሊሰርቅ ነው!

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት ወጣቶቹ ትዕግሥታቸው አለቀና ጓጉንቸሩን ሰበሩት። ጋሼም መጥተው ነበር፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአባ ኮዳው ጋር እኩል ቆመው ያያሉ። ድንኳኑ ታጥፎ ተቀምጧል። ወንበሩ ሙሉ ነው። ጠፉ የተባሉት ሁለቱ ድስቶች ጥግ ላይ ተደፍተዋል። ከእነሱ ጎን ግን የማናውቃቸው ሦስት ድስቶች ተደርድረዋል፤ ገልበጥ ሲደረጉ ቂጣቸው ላይ በአረንጓዴ ቀለም የማዶው እድር ስም ተጽፏል። በጋሼ ዘመን ተውሰን ያልመለስናቸው መሆኑ ነው።

ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ጠጋ ብለው የድስቱን ጽሑፍ ሁለቴ አነበቡ።

«አላልኳችሁም?» አሉ። «ዕቃ ቤታችን ድረስ ገብተዋል!»