ማስተካከያ፦ ዛፍ የሚያሳየው መስኮትና የጽኑ ሕሙማን መቃዠት

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና በመንዝ ልጆች የቴሌግራም ግሩፖች የተዘዋወረ ጽሑፍ አለ። «የ1984ቱ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሆነው ዛፍ የሚያዩ ታካሚዎች ከመቃዠት ቶሎ ይድናሉ» ይላል። መቃዠት የተባለው ዴሊሪየም ነው፤ ታካሚው በድንገት አእምሮው ግራ ሲጋባ ማለት ነው። ጽሑፉ ስህተት ነው።

ጥናቱስ አለ። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። ግን የተጠኑት አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሰዎች ናቸው። በመስኮታቸው ዛፍ ያዩት ግንብ ካዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ስለ መቃዠት አልተጠናም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደማቅ የቀን መብራት ሞክሮ ነበር፤ መቃዠትን ግን አልቀነሰም። የሕክምና መመሪያዎች የሚመክሩት ብዙ ነገር አንድ ላይ ነው፦ ሌሊት ጫጫታና መብራት መቀነስ፣ ቀኑንና ቦታውን ደጋግሞ መንገር፣ መነጽር ማድረግ፣ ቶሎ ማንቀሳቀስ።

ስለዚህ «የአባባን አልጋ ወደ መስኮት አዙሩልን» እያላችሁ ነርሶቹን አታስጨንቁ። አልጋው ከኦክስጅንና ከሞኒተር ጋር የተያያዘ ነው፤ ራሳችሁማ በፍጹም እንዳትነኩት። መስኮት መክፈቱን ተዉት፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ይልቅ መነጽራቸውን ይዛችሁላቸው ሂዱ።