ቅጹ ላይ የሌለው አማካሪ

ሰሞኑን አንድ የቪዛ አማካሪ ኤፍኤም ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ እሱና ባልደረቦቹ ሊመሠርቱት ስላሰቡት የሙያ ማኅበር ሲያወራ ሰማሁ። ማኅበሩ ገና አልተመዘገበም። ለመንግሥት የሚያቀርበው ጥያቄ ግን ተዘጋጅቶ አልቋል። የማማከር ፈቃድ የሚሰጠው ማኅበሩ ይሁን። አባል ያልሆነ አይሥራ። ሕግ ሲወጣ የእኛ ሐሳብ ይጠየቅ። ለምን ሲባል፦ «ካናዳም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ማኅበር ካለ አጭበርባሪ ይጠፋል።» ጋዜጠኛውም «እውነት ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ካናዳን ያነሱት እነሱ ናቸው። እንግዲያው ስለ ካናዳ እናውራ።

እዚያ ማኅበርና ፈቃድ ሰጪ ለየቅል ናቸው። ካፒክ የሚባለው የአማካሪዎች ማኅበር የመንግሥትን ደጅ ይጠናል፤ ሎቢ ማድረግ አንዱ ዓላማዬ ነው ብሎም በግልጽ ይናገራል። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቀጣው ግን ሌላ፣ በሕግ የቆመ ተቆጣጣሪ ተቋም ነው፤ «ኮሌጅ» ይባላል እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከሱ በፊት ባለሙያው ራሱን በራሱ ይቆጣጠር ተብሎ ሁለት ተቋም ተሞክሯል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ተተካ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለኮሌጁ ቦታ ለቀቀ። የእኛዎቹ እያስመጡልን ያሉት እዚያ ሁለቴ የወደቀውን ነው።

ደግሞ እዚያ ከባለሥልጣን ጋር ቀጠሮ ይዞ የተነጋገረ ሎቢስት፣ በሚቀጥለው ወር እስከ 15ኛው ቀን ድረስ በሕዝብ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ማንም ከፍቶ ያነበዋል። እኛ ጋ ማን ማንን የት ሆቴል እንደጋበዘ የሚያውቀው አስተናጋጁ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የቅጹ ነገር ነው።

ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ካሉት ፎቆች አንዱን ውጡ። በሩ ላይ የካናዳ ባንዲራ ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ የፕላስቲክ አውሮፕላን አለች። ልጅቷ ፓስፖርትህንና ፎቶህን ትቀበላለች። ኢሜይል እዚያው ይከፈትልሃል፣ ፓስወርዱ እነሱ ጋ ይቀራል። ግማሹን ክፍያ አሁን፣ ግማሹን «ቪዛው ሲመታ»። ደረሰኙ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «የአገልግሎት ክፍያ ተመላሽ አይሆንም» ይላል። አልቋል፣ ፕሮሰስ ጀምረሃል።

የካናዳ የስደተኞች ሕግ አንቀጽ 91 በገንዘብ የሚያማክርም ሆነ የሚወክል ሰው ጠበቃ ወይም ሌላ የጠበቆች ማኅበር አባል፣ የኩቤክ ኖታሪ ወይም የኮሌጁ ፈቃድ ያለው አማካሪ ይሁን ይላል። ወኪል ያለው አመልካች የወኪሉን ስም በቅጽ ያሳውቃል። ታዲያ የእኛ አማካሪ እዚያ ቦታ ላይ ምን ይጽፋል? ምንም። ማመልከቻው ባለጉዳዩ ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሞላው ተደርጎ ይገባል። ብሩን የተቀበለው፣ ደብዳቤውን የጻፈው፣ የባንክ ስቴትመንቱን «ያስተካከለው» ሰው ወረቀቱ ላይ የለም። ሐሰት ከተገኘ የሚጠየቀው ማን ነው? ፊርማው ያለበት ልጅ። 5 ዓመት ይታገዳል። ልጁ እኮ ምን ተብሎ እንደተጻፈለት እንኳ አላየም! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አማካሪው በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ይቀበላል። ነገሩ ከገፋም የቢሮውን ስም ቀይሮ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል።

እንግዲህ መንግሥት ፊት በስማቸው ሊቀመጡ የሚፈልጉት እነዚህ ናቸው። አዳራሽ ውስጥ የስም ታርጋ ይደረግልን ይላሉ። ቅጹ ላይ ስም ጻፉ ሲባሉ ግን እጃቸው ይተሳሰራል።

«ሁላችንም አንድ አይደለንም» ማለታቸው አይቀርም። ይሁን። ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ኮሌጁ ስሙን ድረ ገጹ ላይ አውጥቶታል፤ ታክሲ እየጠበቅን በስልካችን እናየዋለን። እሱ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ማኅተም ለምኑ ነው? ማኅተሙ የሚያስፈልገው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለሌለው ነው።

የቤት ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ እንኳ፣ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ 923 ሲወጣ፣ 100 ሺህ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሒሳብ አስይዝ ተብሏል። የሬዲዮው ሰውዬ ያን ሁሉ ሲያወራ ስለ ዋስትና ትንፍሽ አላለም። ቪዛ ስለተከለከለ ልጅ ገንዘብም እንደዚያው። ጥያቄያቸው ሁሉ ስለ ራሳቸው ነው፤ ደንበኛ የሚባል ፍጡር የለበትም።

መደራጀት መብታቸው ነው። የ2011 ዓ.ም.ቱ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጃችንም ሕግ ይሻሻል ብሎ ሐሳብ ማቅረብን ይፈቅዳል። ይደራጁ፣ ይወትውቱ። ፈቃድ መስጠትና መንሳት ግን የነሱ ሥራ አይደለም።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ለስብሰባ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አምጡ በሏቸው፤ ባለፈው ዓመት ካስገቡት ማመልከቻ ውስጥ የወኪል ስም የተሞላበትን።