ላቡ ሰላም ነው፤ ተማሪ የለበትም

የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላብ ኃላፊዎችን የሚያመሰግን ሰው መጥፋቱ ይገርመኛል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ተማሪ ኮምፒውተር ይነካ ነበር እኮ!

አንድ የማውቀው ላብ አለ። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሌላው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ካለ ሰው ጋር። ኮምፒውተሮቹ ሽፋናቸውን ለብሰው ተኝተዋል። የስክሪናቸው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ቫይረስ ይዟቸው አያውቅም። በየት በኩል ይግባ?

በሩ የተከፈተ ቀን ደግሞ ዋናው ጥበብ ይታያል። የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ታግዷል። ካልኩሌተሩም ታግዷል፤ ተማሪ ደምሮ ቀንሶ ምን ላይ ሊደርስ ነው? የፍላሽ መሰኪያዎቹ በማስቲሽ ተደፍነዋል። ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል፣ እውነት ነው። ከሲስተሙ ላይ መዝጋትም ይቻል ነበር፤ ግን እሱ ለጎብኚ አይታይም። አንድ ማውስ እንደተሰካ ተደፍኖበት እዚያው ሞተ። እስካሁን አልተቀበረም።

የኢንተርኔት ማጣሪያውማ ምን ይባላል! አንዷ ተማሪ ለባዮሎጂ ስለ ጡት ካንሰር ልታነብ ብትል ተከለከለች። ጨዋነቷ ተጠበቀላት። አጠገቧ ያለው ልጅ ግን በሰላም ጌሙን ይጫወታል። ለነገሩ ይሄ የቆየ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤኦኤል የሚባለው የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢ የእንግሊዟን የስከንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎች አካውንት እንዳይከፍቱ ከልክሎ ነበር። ማጣሪያው ከከተማዋ ስም መሃል ስድብ አግኝቶ ነው።

ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራምም ተጭኗል። ማሽኑ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ይመልሳል። ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ አልቀለድኩም። ግን ተማሪው ስራውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ፣ ሰርቨር ላይ ፎልደር ቢጤ፣ ሊኖረው ይገባል። እዚህ የለውም። ፍላሹ እንደሆነ በማስቲሽ ተዘግቷል። መብራት ብልጭ ካለ የሁለት ሰዓት ስራ ድራሹ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግን ደህና ነው፣ ተመስገን።

ይሄ ሁሉ ጥበቃ እያለ ተማሪው የሚገባው በማን አካውንት መሰላችሁ? በአድሚን፣ ማሽኑ ላይ ሁሉን መለወጥ በሚችለው! ለተማሪ ተራ አካውንት ከፍቶ የአድሚኑን ለራስ ማስቀረት ግማሹን ጣጣ ይጨርስ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ማስቲሽ አይፈልግ፣ ቁልፍ አያንኳኳ።

ፓስወርዱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ረጅም ነው፤ ቁጥርም ምልክትም አለው። እንዳይረሳ ደግሞ ስክሪኑ ጎን በወረቀት ተለጥፏል።

ባለፈው ወረቀቱ ወድቆ ጠፋ። ኃላፊው ማሽኑ ፊት ቆመው ግንባራቸውን አሹ፣ ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ላብ እንዳይገባ ለአንድ ወር ያገዱትን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከኮሪደር ጠሩት። ልጁ ኪቦርዱን ሳያይ ጻፈላቸው።