ውጤቱ የተጻፈለት፣ ስሙ የጠፋበት

አሜሪካ ውስጥ በመጸው ወራት ቅዳሜ የኮሌጅ ፉትቦል ቀን ነው፤ ፉትቦል የሚሉት የእኛን የእግር ኳስ ሳይሆን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ጨዋታ ነው። የመቶ ዓመት ጨዋታ አንሥተው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ክርክሩም በአፍ አያልቅም፣ መዝገብ ይመዘዛል። እኔም በዚሁ ሰበብ እ.ኤ.አ. የ1912ቱን የካርላይል ቡድን ታሪክ አገላበጥሁ።

ካርላይል ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። መንግሥት በ1879 የነባር አሜሪካውያንን ልጆች ከየወገናቸው እያመጣ የሚያስተምርበት አዳሪ ትምህርት ቤት እዚያ ከፈተ። ጸጉራቸው ይቆረጣል፣ ቋንቋቸው ይከለከላል፣ የእንግሊዝኛ ስም ይወጣላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ኮሌጅ እንኳ ሳይሆን ታላላቆቹን ኮሌጆች ይገጥም ነበር። አሠልጣኙ ፖፕ ዋርነር የልጆቹን ክብደት ማነስ በፍጥነትና በብልሃት አካካሰው። በ1903 ሃርቫርድን ሲገጥሙ የአንዱን ተጫዋች ሹራብ ላስቲክ አሰፍቶበት ነበር፤ ኳሷን ከጀርባው ወሽቀውለት፣ ተጋጣሚዎቹ ኳስ ፍለጋ ሲራወጡ እርሱ ሜዳውን አቋርጦ ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታውን ግን 12 ለ 11 ተሸነፉ።

በ1912 ከ14 ጨዋታ 12ቱን አሸነፉ። ኖቬምበር 9 ቀን ዌስት ፖይንት ድረስ ሄደው፣ አባቶቻቸውን የወጋው ጦር መኮንኖቹን የሚያሠለጥንበትን አካዳሚ 27 ለ 6 ረቱት። ከተረቱት አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ነበር። የካርላይሉ ኮከብ ጂም ቶርፕ በዚያው ክረምት ስቶክሆልም ላይ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ቢያመጣም፣ ቀደም ሲል በጥቂት ክፍያ ቤዝቦል ተጫውቷል ተብሎ በ1913 ተነጠቀ። የሁለቱም ውድድሮች ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ እንደገና የተመዘገበው በ2022 ነው። መዝገብ የሚሉት ነገር ጌታ እንዳለው አትርሱ።

በካርላይሉ ግቢ የትምህርት ቤቱ መካነ መቃብር አለ፤ ከ180 በላይ ልጆች ተቀብረውበታል። በ1927 ለግንባታ ተብሎ መቃብሩ ከቀድሞ ቦታው ተነሥቶ አሁን ወዳለበት ተዛውሯል። ነጫጭ ድንጋዮች በሰልፍ ቆመዋል፤ ስም፣ ነገድ፣ የሞተበት ቀን። ጥቂቶቹ ላይ የተጻፈው «ያልታወቀ» ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ጨዋታ ነጥብ ጠብቆ ያኖረ አገር የእነዚህን ስም አጥቶታል።

እኛ ዘንድ ጥፋቱ ሌላ ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነጻነት በኋላ የጣሊያን፣ የአርመንና የግሪክ ማኅበረሰብ ቡድኖችን፣ የእንግሊዝ ጦርንም ገጥሟል። ከአባቱ የሰማ የአራዳ ሰው የተጫዋቹን ሰፈርና ዘመድ አዝማድ ሳይቀር ይቆጥርላችኋል፤ ስንት ለስንት አለቀ ብትሉት ግን ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ይጣላል። ያም ጨዋታ መጻፍ ነበረበት፤ ሰነፍን ነው እንጂ ወረቀት አልቸገረንም።

የአሜሪካ ጦር ከ2017 ጀምሮ፣ ቤተሰብ ሲጠይቅ፣ የካርላይል ልጆችን አጽም እያወጣ ወደየወገናቸው እየመለሰ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አጽም ማጓጓዝ ምን ይረባል የሚል አሜሪካዊ ገጥሞኛል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በየዕድሩ ለሚያዋጣ ሐበሻ ይህን ጥያቄ ባያቀርብ ይሻለው ነበር።