የተሸለሙት ፊልሞች ለማን ተሠሩ?

ሁለት ፊልም ወዳዶች ሰሞኑን ስላዩት ፊልም እንዲጽፉልን ጠየቅን። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ «ባለ ፋንዲሻ» በሚል ስም ይጽፋል። ሌላዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ «የኋላ ወንበር» ትባላለች። ያከራከራቸው ሐሳብ ይህ ነው፦ ውጭ አገር የሚሸለሙ የኢትዮጵያ ፊልሞች ለኢትዮጵያ ተመልካች አልተሠሩም።

ባለ ፋንዲሻ

አልተሠሩም።

ሰሞኑን ያልነካሁት ዓይነት ፊልም የለም። ከድራማው ጤዛን፣ ላምብንና ድፍረትን አየሁ። ከሳይንስ ልብ ወለዱ ክራምብስን። ቅዳሜ ደግሞ ሲኒማ ገብቼ አንድ የፍቅር ኮሜዲ ተመለከትኩ።

ከኮሜዲው ልጀምር። ታሪኩን ገና ፖስተሩን ሳይ ጨርሼዋለሁ። ሹፌሩ የባለሀብቱን ልጅ ይወዳል፣ አባት ይቆጣል፣ መጨረሻ ላይ ቦሌ ካፌ ውስጥ ይታረቃሉ። ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ተዋናዩን ይመክሩታል። «አትመናት አንተ፣ ትሸውድሃለች!» አሉት ጮክ ብለው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ለእኔ ፊልም ማለት ይሄ ነው።

ጤዛ ደግሞ 140 ደቂቃ ነው። ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። እውነቱን ልናገር፣ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ አንበርብር፣ አሁንም ሐይቁ ዳር ነው። የጠለፋ ታሪክ የሆነው ድፍረትማ የሆሊውዷ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ባታውሰው ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለፈረንጅ ዳኛ ነው።

የኋላ ወንበር

ተኝቶ ፊልም የሚተች ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አንበርብር «አሁንም» ሐይቁ ዳር ነው አልክ። ወንድሜ፣ አንተ ስትተኛ ሰውዬው ጀርመን ሄዶ ሕክምና ተማረ። አብዮቱን አምኖ አገሩ ገባ። ጓደኛውን ገደሉበት። ምሥራቅ ጀርመን ላይ ዘረኞች በመስኮት ወረወሩት። ከዚያ ነው እያነከሰ እናቱ ቤት የተመለሰው። አንተ ያየኸው ሐይቁን ብቻ ነው።

«የፈረንጅ ዳኛ» ያልከውንም እንየው። ጤዛ በ2009 ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ፣ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ዋጋዱጉ የፈረንጅ አገር ሆነች? ድፍረት በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ ፌስቲቫል ላይ የወሰደው የተመልካች ሽልማት ነው፤ የዳኞች አይደለም። በርሊንም እንደዚያው። እዚያው አዲስ አበባ ሊመረቅ፣ ሰው አዳራሽ ገብቶ ተቀምጦ ሳለ ነው የፍርድ ቤት እግድ የመጣው። እግዱ ኋላ ተነሳ። እና ያ ሁሉ ሰው ፈረንጅ ነበር?

ላምብን ደግሞ በስም ጠርተኸው አለፍክ። ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ግን ካንን ተወው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነው። እናቱ በድርቅ ሞታለች፣ አባቱ ዘመድ ቤት ጥሎት ሥራ ፍለጋ ሄዷል። የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ናት። አጎቱ እሷንም ለበዓል ሊያርዳት ዐቅዷል። ልጁ እጁ የሚፈታው ማጀት ነው። ሳንቡሳውን በዚያች ትንሽ እጁ አጣጥፎ፣ ጠብሶ፣ ገበያ ወስዶ ይሸጣል። አጎትየው ደግሞ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መዋሉ ያሳፍረዋል። ይሄንን ለመረዳት ፈረንጅ መሆን አለብን? እኔ ወንድሜ ሽንኩርት ሲልጥ ያልተሰደበበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አስተዋይ ተመልካች ካለ እነዚህ ፊልሞች የእኛ ናቸው።

ባለ ፋንዲሻ

«አስተዋይ ተመልካች» አሉን! ከእንግዲህ አንቱ ብል ይሻለኛል።

እንግዲህ «አትመናት» ያሉት እናት አስተዋይ አይደሉም ማለት ነው። ታክሲ ተሰልፈው፣ ከኪሳቸው ከፍለው የገቡ ሴት ናቸው። እርስዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ማስተዋል ይለኩላቸዋል።

የሰንዳንስ ተመልካች አጨበጨበ ብለው ደግሞ ማስረጃ አመጡ። ዩታ በረዶ ላይ ያለ ሰው ስለ ጠለፋ ምን ያውቃል? አዲስ ነገር ሆነበትና አጨበጨበ። እኛ ጠለፋን በፊልም አይደለም የምናውቀው።

ፌስቲቫል ሁሉ አይጥመኝም ማለቴም አይደለም። ክራምብስን ወድጄዋለሁ። ሰማይ ላይ የጠፈር መርከብ ቆሟል፣ ሰው ለማይክል ጆርዳን ይጸልያል፣ ሰውዬው የገና አባትን ፍለጋ ይሄዳል። ሰላም ተስፋዬም አለችበት፣ የኮሜዲዎቻችን ሰላም። ይገርማል፣ ያስቃል፣ በ68 ደቂቃ ያልቃል። አስተዋይ ላልሆነ ሰው የሚበቃ ልክ ነው።

የኋላ ወንበር

ገባኝ። ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ የሠራው ክራምብስ ለኢትዮጵያ ተመልካች ተሠርቷል። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ጣና ዳር የቀረፀው ጤዛ ግን ለፈረንጅ ነው። የሚለካው በምንድን ነው፣ በደቂቃ?

ጤዛ ውስጥ የመንደሩ ልጆች ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ከአፈሳ ነው የሚሸሹት። ወታደር ልጆቹን ሊያፍስ ሲመጣ ሳይ መቀመጥ አቃተኝ። አንተ እዚያ ላይ ነቅተህ ነበር? ነቅተህ ከነበረ «ለእኛ አልተሠራም» የምትለው በየት በኩል ነው? ተኝተህ ከነበረም በግልጽ ንገረንና እንገላገል። ምናልባት ያንን ዘመን ስለማታውቀው ይሆናል ያልጣመህ።

ባለ ፋንዲሻ

አላውቀውም?

የአባቴ ታናሽ ወንድም ገበያ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነው የታፈሰው። አልተመለሰም። አያቴ የምሥራች ይነግረኛል ብላ ሬዲዮኑን አታስጠፋም ነበር፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ልጆቿን ትሳደባለች። እኔ ያደግኩት እዚያ ቤት ነው። ስለ አፈሳ ሜሪላንድ ካለ ሰው ትምህርት አልፈልግም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልሳቅ ማለቴ ስላላወቅኩ አይደለም። ያወቅኩት ስለበቃኝ ነው።

የኋላ ወንበር

ስለ አጎትህ ከልቤ አዝናለሁ። ያጽናችሁ።

ግን አሁን የጻፍከውን አንብበው። «ለእኛ አልተሠራም» ማለት ሌላ ነው፣ «ስለ እኛ ነው፣ እኔ ግን ማየት አልፈልግም» ማለት ሌላ። ሁለተኛውን ካልክ መብትህ ነው፣ ማንም አይከራከርህም። የመጣኸው ግን የመጀመሪያውን ይዘህ ነው።

ሕዝቡ ከባድ ፊልም ለማየት አይመጣም የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኃይሌ ሳንኮፋን ሠርቶ ሲጨርስ አከፋፋይ አጣ። ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየ። የባርነት ታሪክ ነው፣ ቀልድ የለበትም። ጥቁር አሜሪካውያን ግን ተሰልፈው ገቡ። ሰው ከባዱን አይሸሽም። የናቀውን ነው የሚሸሸው።

ባለ ፋንዲሻ

ጥሩ ነገር አነሱ። አዳራሽ።

ሳንኮፋ አዳራሽ ነበረው። እኔ ጤዛን ያየሁት በፍላሽ ከሰው ተቀብዬ ነው። ከሥራ ገብቼ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ላፕቶፑን ሆዴ ላይ አድርጌ። ድምፁ አንዴ ይሰማል አንዴ ይጠፋል። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪው ደግሞ ግማሽ ነበር። በዚያ ሁኔታ ማን አይተኛም? እርስዎ ግን ይሄው ሦስት ጊዜ እንቅልፌን ይቆጥራሉ።

ላምብንም እንደዚያው ነው ያየሁት። የሳንቡሳው ነገር ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን በዚያው ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፉት ፖስተሮች ውስጥ ላምብ የለም፣ ጤዛ የለም። ሹፌሩና የባለሀብቱ ልጅ ናቸው ያሉት። ለእኔ የተሠራ ፊልም እኔ ሰፈር ካልመጣ ለእኔ መሠራቱን በምን ልወቅ? ፖስተሩ ላይ ባለው የፌስቲቫል ዘንባባ ምልክት?

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ወር ጤዛን ወይም ላምብን የሚያሳይ አዳራሽ ካለ ስሙን፣ ሰፈሩንና ሰዓቱን ይንገሩኝ። እነዚያን እናት ጭምር ይዤ እሄዳለሁ። ሊንክ ግን እንዳይልኩልኝ።