የባል ዘር ጤነኛ ከሆነ መርፌው ለምን?

ከማሕፀን ውጭ ጽንስ ሲሞከር ሁለት መንገድ አለ። ወይ እንቁላሏንና የወንድ ዘሩን ሳህን ላይ አገናኝቶ መተው፣ ወይ አንዱን ዘር መርጦ በመርፌ እንቁላሏ ውስጥ መክተት፤ ይህኛው ኢክሲ ይባላል። ባልየው ምንም ችግር ባይኖርበትም ኢክሲ ይደረግ ወይ?

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፦ ይደረግ። እንቁላል ማለት የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ናት። አንዱ የመስታወት ቱቦ በስሱ ስቦ ይይዛታል፣ መርፌው በሌላ በኩል ይመጣል። ዘሩን አስቀድሜ ጅራቱን ሳህኑ ላይ ጫን አድርጌ እሰብራለሁ፤ መዋኘቱን ያቆማል። ፖላር ቦዲ የምንላትን ትንሽ እብጠት 12 ወይም 6 ቁጥር ላይ አድርጌ በ3 በኩል እገባለሁ (የግድግዳ ሰዓቱን ቁጥር ነው እንጂ የሀበሻን ሰዓት አቆጣጠር አይደለም)። ክሮሞዞሞቹ ያሉት እሷ አጠገብ ስለሆነ መርፌው እንዳይነካቸው ነው። ሽፋኗ ቶሎ አትበሳም፣ ትለጠጣለች። ትንሽ ወደ መርፌው ስስባት ድንገት እጅ ትሰጣለች። ሳህን ላይ ትቼ በማግስቱ አንዲትም የጸነሰች ባላገኝ፣ ቤታቸውን ሸጠው ለመጡት ምን ልበል?

ሐኪሙ፦ እህቴ፣ እጅሽን አደንቃለሁ። ግን ይህ ዘዴ የመጣው ለወንድ መካንነት ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ከብራስልስ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ዜና ሲወጣ፣ ሌላ መፍትሔ ላልነበራቸው ወንዶች ነበር። ቬትናም ውስጥ የባሎቹ ዘር ጤነኛ የሆነ 1,064 ጥንዶች በዕጣ ተከፍለው ተሞከረ፤ ውጤቱ በ2021 ወጣ። በኢክሲ 35 በመቶ፣ በሳህን 31 በመቶ ልጅ ወለዱ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው ተባለ። መርፌው ደግሞ አንዳንዷን እንቁላል ይገድላል፣ ሂሳቡንም ያንራል።

ባለሙያዋ፦ ትገደላለች፣ አልክድም። ስትፈርስ አይቻለሁ፤ ውስጧ ሳህኑ ላይ ይፈስሳል። ነገር ግን ዶክተር፣ ቁጥሩና አዋዋኙ ጤነኛ የሆነ ዘር ሁሉ እንቁላል ይበሳል ማለት አይደለም። ያንን ከማግስቱ በፊት እርስዎም አያውቁትም።

ሐኪሙ፦ አንቺስ የምትመርጪው በዓይንሽ አይደል? የውስጡ ዲኤንኤ ለማይክሮስኮፕሽ አይታይም። ከፈራሽ እንቁላሎቹን እኩል ክፈዪ፤ ግማሹ በመርፌ፣ ግማሹ በሳህን።

ባለሙያዋ፦ 12 እንቁላል ላላት እሺ። 3 ብቻ ላላትስ እንዴት አድርጌ ልክፈል?

ሐኪሙ፦ ለእሷም ቢሆን መርፌው እንደሚሻላት ማስረጃ አምጪና እፈርማለሁ።