ሳር ጠግቦ የሚከሳ በግ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በጎች ከክረምት በኋላ የሚከሱት በመኖ እጥረት ነው ይላል። አንዳንድ ቦታ ልክ ነው። እኔ ግን ያደግኩት ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ነው። መስከረም ላይ ሳሩ ሞልቶ ተርፎ በጉ ይከሳል!

ነገሩ የጉበት ትል ነው። ትሉ ረግረግ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ሳሩ ላይ ይለጠፋል። በጉ ሳሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል። አባቴ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ያያል። ቀላ ካለ ደህና ነው። ከነጣ ደም አንሶታል። መንጋጋው ስር ውሃ ከቋጠረማ ነገሩ ቆይቷል።

አንድ ዓመት በግምት አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ገዝተን ሰጠን። ሁለት በግ ሞተብን። ለካ እሱ የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ኖሯል፤ ጉበቱን የሚቦረቡረው ጨቅላው ትል አይነካም። ለሁለቱም የሚሆነው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ እሱንም በበጉ ክብደት ልክ ሐኪም ይዘዘው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ለመኖ የሚሆን የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ታገኛላችሁ፣ ታድላችኋል። እኛ ጋ ያው የጠላ አተላ ነው። ለማንኛውም ረግረጉን እስከ ኅዳር አጥሩት፤ ሳሩ አጓጊ ቢሆንም።